አስቴርን በር ላይ ጥያት የሄድኩ ዕለት

ልጄ ሶልያና የተመደበችበትን ዩኒቨርሲቲ ባወቀች በሳምንቱ፣ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ልብሷን ስታጣጥፍ በበሩ በኩል ሳልፍ አየችኝና «አባዬ፣ ሰው ሁሉ መክሮኛል፤ የቀረኸው አንተ ነህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሚዛን ተፈሪ ያለው ቤታችን ሳምንቱን ሙሉ መካሪ ሲገባና ሲወጣበት ነው የሰነበተው። አክስቷ ስለ ጓደኛ አመራረጥ፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ሲስተር ስለሚጠጣ ውኃ፣ የእናቷ የማኅበር ጓደኞች ስለ ጾምና ጸሎት መክረዋታል። ባጃጅ የሚነዳው የወንድሜ ልጅ እንኳ ስለ ስልክ ሌቦች ረጅም ትምህርት ሰጥቷታል። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርኩት አባቷ ብቻ ዝም አልኩ።

በትምህርት ቤታችንም እንዲሁ ነኝ። ልጆቹ ውጤት መጥቶላቸው ሊሄዱ ሲሉ በየዓመቱ የምክር ፕሮግራም ይዘጋጃል። በየዓመቱም ርዕሰ መምህሩ «ዘንድሮ እንኳ እርስዎ ይናገሩ» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ ወይ ጉሮሮዬን ያመኛል ወይ ለቅሶ ይደርስብኛል። ባልደረቦቼ ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ገና በሃያ ዓመቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ለተዘጋጁ ልጆች ምክር ሰጥቼ ነበር። ያንን ምክር ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ያደግኩት ቴፒ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያው የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው ፊት ለፊት ባለች በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የከተማውን ተማሪ ዩኒፎርም ግማሹን የሰፋው እሱ ነው። የቴፒ ሙቀት ወበቅ ያለበት ነው፤ ክረምት ላይ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታም እርጥብ ነው። ማንጎ መንገድ ላይ ወድቆ የሚያነሳው የለም። ቡናውና ኮረሪማው ከሰው ጓሮ ይጀምርና ጫካ ድረስ ይዘልቃል። በዚያን ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ ከዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲ መግባት ትንሽ ነገር አልነበረም። እኔ ሳልፍ ዕድርተኛው ብርድ ልብስ ሰጠኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ቲቸር ደሳለኝ የገዛ መዝገበ ቃላቱን አወጣልኝ። አባቴ ግራጫ ኮት ሰፋልኝ፤ ሲለካኝ «ትከሻህ ገና ይሰፋል፣ ትርፍ ትቼበታለሁ» አለኝ።

አዲስ አበባ ደርሼ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ስቀመጥ መምህሩ ገብቶ ሳያቋርጥ በእንግሊዝኛ ተናገረ። እኛ አገር እንግሊዝኛውንም ጭምር የምንማረው በአማርኛ ነበር። የሰማሁት ነገር ሁሉ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሆነብኝ፤ ድምፁ አለ፣ ቃሉ የለም። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ስነቀንቅ ከረምኩ። እጄን አውጥቼ «አልገባኝም» ለማለት አንድም ቀን አልደፈርኩም፤ ባነጋገሬ የሚስቁብኝ፣ ከየት ጫካ መጣ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። የገና ሰሞን ፈተናው መጣ። በየካቲት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተባረሩት ዝርዝር ሲለጠፍ የመታወቂያ ቁጥሬን ከላይ ሦስተኛ ላይ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከኋላዬ ለሚገፉት ቦታ ለቀቅኩ።

ቤተሰቦቼ ጋ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። ከግቢው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት እትዬ አልማዝ የምትባል ሴት ነበረች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስላት ሰው ትፈልግ ነበርና ከሱቁ ጓዳ ፍራሽ አንጥፋልኝ እዚያ ገባሁ። የክፍል ጓደኞቼ የነበሩት ልጆች ማስታወሻቸውን ሲያመጡ እኔ አባዛላቸዋለሁ። ማሽኑ እስኪሞቅ ገጾቹን አነብ ነበር። ደጋግሜ ሳነባቸው ቀስ እያሉ ገቡኝ። ያን ያህል የከበደ ነገር አልነበረም። ይህም ሌላ እሳት ሆነብኝ። ለአባቴ ግን «ትምህርት ጥሩ ነው፣ አታስቡ» እያልኩ እጽፋለሁ።

ክረምት ሲገባ እንደማንኛውም ተማሪ ለእረፍት ኮቴን ለብሼ ቴፒ ገባሁ። ዶሮ ታረደ። እናቴ በገበያው ውስጥ ስታልፍ አጠገቧ እንድሄድላት ትፈልግ ነበር፤ ሄድኩላት። ሰው ሲያቆመን «ዩኒቨርሲቲው» እያለች ነበር የምታስተዋውቀኝ፤ ስሜን ረስታ አይደለም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቲቸር ደሳለኝ በረንዳው ድረስ መጣ።

«ዘንድሮ ስድስት ልጆች አለፉልን» አለኝ፣ ደስታው ከፊቱ ላይ ፈሶ። «ቅዳሜ ሰብስቤያቸዋለሁ። እዚያ ያለውን ሕይወት የሚያውቅ ካንተ በቀር ማን አለ? መጥተህ ምከርልኝ።»

አባቴ ከመኪናው ቀና ብሎ አየኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ነበር። ስድስቱ ልጆች ከወላጆቻቸውና ከመምህራኑ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሲነሱልኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ግን፣ ይህን ስናገር ነው የማፍረው፣ ጣመኝ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ሕይወት፣ ከከተማ ልጆች ጋር እንዴት እንደሚዋል፣ ሳልማር ስለተማርኩት ሁሉ ተናገርኩ። ልጆቹ ይጽፉ ነበር። ያልሆንኩት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ኖረ።

በመጨረሻ ቲቸር ደሳለኝ «ጥያቄ» አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። አስቴር ነበረች። ከቴፒ ወጣ ብሎ ካለ የሸኮዎች መንደር በእግሯ እየተመላለሰች የተማረች፣ ዝምተኛ፣ በሒሳብ ሁላችንንም የምትበልጥ ልጅ ነች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው።

«አስተማሪው ሲያስተምር ካልገባንስ» አለች ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ «ምን ማድረግ ይሻላል?»

ከስድስት ወር በፊት ማንም ያልጠየቀልኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የነቃችብኝ መሰለኝ። ጥያቄዋን በእሷ አነጋገር፣ ድምፄን እንደ እሷ ጎትቼ ደገምኩት። ክፍሉ ሳቀ። ወላጆች ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ እንደ አዋቂ ሆኜ «እዚያ እጁን የሚያወጣ ሰው ራሱን ነው የሚያጋልጠው» አልኩ። «የመጀመሪያውን መንፈቅ ዝም በሉ። ከሌላው ጋር ራሳችሁን ነቅንቁ። በኋላ በራሱ ጊዜ ይገባችኋል።»

አስቴር ተቀመጠች። ይህንንም ጻፈችው።

ሰኞ ዕለት አባቷ ወደ በረንዳችን መጡ። አቶ ያዕቆብ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ማር ቆራጭ ሲሆኑ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈራቸው ጸሎት ቤት ይሰብካሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ልጄ አንተ የምትማርበት ደረሳት» አሉኝ። «ከሚዛን አልፋ አታውቅም። እኔም አላውቅም። ስትሄድ ይዘሃት ሂድ። እንደ እህትህ።»

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ «ይወስዳታል እንጂ» አለ። «ከበር አድርሶ፣ አስመዝግቦ፣ አልጋዋን አይቶ ነው የሚለያት። ልጄን አውቀዋለሁ።»

መስከረም አጋማሽ ላይ ተነሳን። መናኸሪያው ጭቃ ነበር። አቶ ያዕቆብ የአስቴርን የቆርቆሮ ሳጥን ራሳቸው አውቶቡሱ ላይ አስጭነው ካበቁ በኋላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ ከደረታቸው አወጡ። ውስጡ ዋናው ሰርተፊኬቷ፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለው ውጤቷ፣ የመግቢያ ወረቀቷና አራት ፎቶ ነበር።

«አንተ ያዘው» አሉኝ። «እሷ አገር ስታይ ትጥለዋለች።» ኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ከቴፒ አዲስ አበባ ያኔ የሦስት ቀን መንገድ ነው። የመጀመሪያው ቀን እስከ ሚዛን ነው፤ አውቶቡሱ ሁለት ቦታ ጭቃ ያዘው፣ ወንዶቹ ወርደን ገፋነው። በማግስቱ የዉሽዉሽን ሻይ ቅጠል አልፈን፣ ቦንጋን አልፈን ወደ ጅማ። አስቴር መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ያየችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ጉልበቷ ላይ ደብተር አለ። «መኝታ ቤት ስንት ሆነን ነው? ምሳ በስንት ሰዓት ነው? ቤተ መጻሕፍት ለመግባት ምን ይዤ ነው የምሄደው?» እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መልሶቼ አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ፤ ለዚያ ነው ውሸቴ ያልታወቀው።

ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ጥላውን ያዘ። አስቴር እናቷ የቀቀለችላትን ጎደሬ ከቅጠል ፈታች፤ ጨውና ሚጥሚጣ አለው። ግማሹን ወደ እኔ ገፋች። ከበላን በኋላ ለብቻዋ እንደምታወራ ዓይነት «ያን ቀን የጠየቅኩት ጥያቄ የሞኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

ይህን ሰዓት ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሙቀቱን፣ የወንዙን ድምፅ፣ ረዳቱ ጎማው ላይ ሲዘል የሚያወጣውን ኳኳታ። በሕይወቴ ውስጥ እውነት ለመናገር ያን ያህል የተመቸ ቦታ አላገኘሁም። የሚሰማን ሰው የለም፤ ቴፒ ሩቅ ናት፣ አዲስ አበባም ሩቅ ነው።

«አስቴር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

ወዲያው ደብተሯን ገልጣ እርሳሷን አዘጋጀች። እርሳሱን ሳይ ድፍረቴ ከዳኝ።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው» አልኩ። «ወፍራም ሹራብ ያስፈልግሻል።»

ጻፈችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አዲስ አበባ ገባን። አውቶቡስ ተራ ወርደን ታክሲ ይዘን ግቢው በር ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አዲስ ገቢዎቹ ከነሻንጣቸው ረጅም ሰልፍ ይዘዋል። በሩ ላይ ጥበቃው ከነባሮቹ መታወቂያ እየጠየቀ ያስገባል። የእኔን መታወቂያ የካቲት ላይ ተቀብለውኛል። ጥበቃው ደግሞ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ያውቀኛል፤ ቢያየኝ «እንዴት ነህ ኮፒ» ነው የሚለኝ።

«አንቺ እዚህ ሰልፍ ያዢ» አልኳት። «የነባሮች መግቢያ በወዲያ በኩል ነው። ውስጥ ሬጅስትራር በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«እሺ» አለች። ምንም አልጠረጠረችም። ሳጥኗን በእግሯ እየገፋች ሰልፉ ውስጥ ገባች።

ጥግ እስክታጠፍ በዝግታ ሄድኩ፤ ከታጠፍኩ በኋላ ሮጥኩ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ዕረፍት ነው። ተገላገልኩ አልኩ። በሩ ላይ አደረስኳት፣ ከዚህ በኋላ ሰው አታጣም እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ብዙ ርቄ ከሄድኩ በኋላ ላቤን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት፣ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።

ተመለስኩ። ግን እስከ በሩ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ቆምኩ። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ አስቴር ጥበቃው ጋ ደርሳ ነበር። ወረቀት ሲጠይቃት በእጇ ወደ ውስጥ ታመለክታለች፤ ውስጥ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ እያስረዳችው መሆን አለበት። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጎን አወጣት። ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከግቢው ውስጥ ሳትነቅል። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ካፊያ ጀመረ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሳችና ለራሷ ሳይሆን ሳጥኑ ላይ አለበሰችው።

መሻገር ነበር። አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም። ፖስታውን መስጠት፣ ከፈለግኩም እንደገና መሮጥ። ቆሜ አየኋት እንጂ አልተሻገርኩም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሰልፉ ሲያልቅ አይቻለሁ።

በመጨረሻ በጓሮ በኩል ወደ እትዬ አልማዝ ሱቅ ገባሁ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልጅቷን በመስኮት አሳየኋት።

«ይህን ለዚያች ልጅ ስጭልኝ።»

«ምንህ ናት?»

«የአገሬ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ራስህ አትሰጣትም?»

«አልችልም፣ እትዬ። እዚህ የምማር ይመስላታል።»

እትዬ አልማዝ ፖስታውን ይዛ ወጣች። እኔ በመስኮቱ ማየት ቀጠልኩ። ጎንበስ ብላ አናገረቻት። አስቴር ፖስታውን ተቀብላ ከፈተችና አንድ በአንድ ቆጠረች። አንድ ነገር ጠየቀች። እትዬ አልማዝ እጇን አንስታ ወደ ሱቁ አመለከተች። አስቴር ዞራ ወደ መስኮቱ ስታይ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቁጢጥ አልኩ። እዚያ ወለሉ ላይ፣ የሞቀ ወረቀት እየሸተተኝ፣ የአባቴ ኮት ጫፍ አቧራ ላይ ተዘርግቶ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ዛሬም ስለራሴ ጥሩ ነገር ሲወራ የምትመጣብኝ ያቺ ቦታ ናት።

ሬጅስትራሩ ተዘግቶ ነበር። እትዬ አልማዝ ብቻዋን ተመልሳ «ዛሬ ፍራሹ ለእሷ ያስፈልጋል» አለችኝ። «ነገ ጠዋት እኔ ራሴ አስመዘግባታለሁ። አንተ ዕቃህን ያዝና ሂድ። ነገም አትምጣ።»

በመጣሁበት በጓሮ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ስሚንቶ ስሸከም ቆየሁ። ኅዳር ላይ ጉልበቴም ልቤም አልቆ ወደ ቴፒ ተመለስኩ። ቡናው ተለቅሞ የሚደርቅበት ወቅት ነው፤ ከሚዛን ጀምሮ በየደጁ ቀይና ጥቁር ፍሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ለእናቴ የምነግራት ውሸት ተዘጋጅቷል፦ ተማሪው ረብሾ ግቢው ተዘጋ እላታለሁ። ያኔ ይህን ማንም አይጠራጠርም።

እናቴ ግን ለምን መጣህ ብላ ሳትጠይቀኝ አንድ ጣሳ ነጭ ማር አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«አቶ ያዕቆብ ናቸው ያመጡልን» አለችኝ። «ልጃችሁ ልጄን አደረሰልኝ ብለው። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።»

ማሩን መቅመስ አልቻልኩም። ሆዴን አሞኛል ብዬ ተነሳሁ። በማግስቱ ጠዋት ገበያው ሳይደራ በረንዳው ላይ ሄጄ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። መኪናውን እየረገጠ ነበር የሚሰማኝ። መሐል ላይ እግሩ ቆመ። ጨርቁ ከመርፌው ሥር ቀረ።

«ከተባረርክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ዘጠኝ ወር።»

«ዘጠኝ ወር» አለ። ከዚያ ተነስቶ መኪናውን ሸፈነ። በሥራ ቀን መኪናውን ሲሸፍን አይቼው አላውቅም። «ተነስ፣ እንሂድ።»

የአቶ ያዕቆብ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ያስኬዳል። ስንደርስ አቶ ያዕቆብ ደጃቸው ላይ ቡና ያገላብጡ ነበር። በርጩማ አወጡልን። አባቴ አልተቀመጠም።

«ልጄ የሚነግርዎት ነገር አለ» አለ።

ቆሜ ነገርኳቸው። አቶ ያዕቆብ ሰሌኑ ላይ ያለውን ቡና በእግራቸው እያስተካከሉ ሰሙኝ። ስጨርስ «አውቃለሁ» አሉ። «አስቴር ጽፋልኛለች።»

አባቴ ደነገጠ። «እያወቁ ነው ማሩን ያመጡልን?»

«ማሩ ለእናቱ ነው፣ አቶ አሰፋ። እናቱ ምን አጠፋች? ልጇ የት እንደገባ አታውቅም። እኔ የልጄን አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ግን ድካም ነው። «በሩ ላይ ፈርተህ ሸሸህ። ሰው ይፈራል። በዚያ ሦስት ቀን ተናደድኩ፣ አለፈልኝ። አንድ ነገር ግን አላለፈልኝም። ያን ቀን ልጄ ስትጠይቅህ አሳቅህባት። ያን ጥያቄ በአማርኛ ለማስተካከል አንድ ሳምንት ነው የፈጀችው። እዚህ ደጅ ላይ ቆማ ወንድሟን ‹እንዲህ ነው የሚባለው?› እያለች ትለማመድ ነበር። እኔም አለሁ፣ እሰማለሁ። አንተ ስታስቅ እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ።»

ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ መኖራቸውን ፈጽሞ አላየሁም ነበር።

«የሌሎቹም ልጆች አባቶች ተቀምጠው ነበር» አሉ። «ዝም በሉ አልካቸው። እነሱ ያመኑህ የሚማር ሰው ስለመሰልካቸው ነው። ጻፍላቸው።»

ጻፍኩ። ቲቸር ደሳለኝ ጋ ሄጄ እሱንም ነግሬው፣ የስድስቱንም አድራሻ ወሰድኩ። ስድስት ደብዳቤ፣ በእያንዳንዱ ላይ መባረሬን፣ የተባረርኩትም ሳይገባኝ ገባኝ በማለቴ መሆኑን፣ የሰጠሁት ምክር የተገላቢጦሽ መሆኑን ጻፍኩ። ደብዳቤዎቹ ሲደርሱ መንፈቁ ሊያልቅ ነበር። ከስድስቱ ልጆች አንዱ የካቲት ላይ ተባርሮ ተመለሰ። የእኔ ቃል ይሁን የትምህርቱ ክብደት አላውቅም። ዛሬ ጌጫ ውስጥ ሱቅ አለው፤ ሰላም እንባባላለን። እሱን አንድም ቀን ልጠይቀው አልደፈርኩም።

አስቴር መለሰችልኝ። አጭር ነበር። «ደብዳቤህ ደርሶኛል። በመጀመሪያው ሳምንት እጄን አወጣሁ፣ ሳቁብኝ። በሁለተኛውም ሳምንት አወጣሁ።» ከዚያ ለእናቴ ሰላምታ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ፈልጌ ወረቀቱን ገልብጬም አየሁት፤ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ፣ እሷ የመድኃኒት ባለሙያ ሆና ማሻ ስትሠራ፣ ሚዛን ገበያ ተገናኝተናል። በአክብሮት ጠየቀችኝ፣ ስለ እናቴ ሞት አዘነች፣ ተለያየን። እኔም ያን ጊዜ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር።

ይህን ሁሉ ነው ለሶልያና የነገርኳት። ጓሮ ሙዙ ሥር አስቀምጬ፣ ሳልቀንስ። እናቷ እንኳ ግማሹን ነበር የምታውቀው። ማሽኑ ጀርባ ስለመደበቄ ስነግራት ፊቷን አዞረች። እሷ ስታፍርልኝ ማየት ከሁሉም ከበደኝ። ከዚያ «ታዲያ ምክሩ ምንድነው?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። እኔ ያለኝ ይህ ነው አልኳት። ሻንጣዋን ልትዘጋ ተነስታ ሄደች፤ እኔም ሳልናገር ብቀር ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ እዚያው ተቀመጥኩ። ልጅ አባቷን በዚያ ልክ ማወቅ አለባት ወይ የሚለውን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሄደች አንድ ወር ሆኗታል። ባለፈው ሐሙስ የፈተና ወረቀት ሳርም ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«አባዬ፣ የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ከሠላሳው ሰባት ብቻ ነው ያመጣሁት። መምህሩ የሚለው አይገባኝም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም፤ ነገ ቢሮው ድረስ ሂጂ ሳልላት አልቀረሁም። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ የፈካ ፊቴን አይታ «ደህና ውጤት አመጣች እንዴ?» አለችኝ። እኔም «ወድቃለች» አልኳት፣ ዓይኔን እየጠረግኩ፤ «ወድቃ ነገረችኝ።»